የናሙና ሰባት እጆች

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ በሚጠመዘዘው መንገድ ላይ ሂክማ ይመር መስኮት መቁጠር ጀመረች። በየመስኮቱ አንድ የብርቱካን ልጣጭ ተንጠልጥሏል፤ አንድም ቦታ ሳይበጠስ ከራስ እስከ ግርጌ ተልጦ፣ በክር ታስሮ የደረቀ። በቆርቆሮ ቤቱም አለ፣ በፎቁም አለ፣ በጤና ጣቢያውም፣ በትምህርት ቤቱ የጥበቃ ክፍልም አለ። መቶ ሃያ ላይ ስትደርስ ተወችው።

«ምን ታያለሽ እህቴ?» አለቻት ከጎኗ የተቀመጠችው ሴት።

«ልጣጩን።»

«የቱን ልጣጭ?» ሴትዮዋ አንገቷን አስግጋ ወደ ውጭ ተመለከተች። ፈለገች፣ ፈለገች፣ ምንም አላገኘችም። ሰው የለመደውን አያይም፤ ይኼ የማንም ጥፋት አይደለም።

ጊዜው 2072 ዓመተ ምሕረት፣ ታኅሣሥ ወር፣ ሰኞ ረፋድ ነው። አውቶቡሱ መናኸሪያ ሊገባ ሲል ሴቶቹ ተነሥተው ሻንጣቸውን ማውረድ ያዙ፤ እያወረዱም በጥርሳቸው መሃል ያፏጩ ነበር። አንዲቱ አይደለችም፣ ሁሉም። ዜማው አራት ድምፅ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ሽቅብ ይወጣሉ፣ አንዱ ይወርዳል፣ አራተኛው ትንፋሽ ነው። ማንም ማንንም አልጠበቀም፣ ማንም ማንንም አላዳመጠም፤ ግን አንድ ላይ ጀምረው አንድ ላይ ጨረሱ። ሂክማ ብቻ አላፏጨችም። ፉጨቱ የእሷ ነው።

የእሷ ነው ስል ዝም ብዬ አይደለም። ሂክማ የአጠቃቀም ንድፍ ባለሙያ ናት። ሰው በስልኩ፣ በበሩ፣ በቤቱ ግድግዳ ላይ የሚነካውን እንዴት እንደሚነካው፣ የሚሰማውን መቼ እንደሚሰማው የምትወስን ሠራተኛ ማለት ነው። በዚህ ሙያ ነገር የሚሠራው ለሚሊዮን ሕዝብ ሳይሆን ለአንድ የተፈጠረ ሰው ነው። ስም ይወጣለታል፣ የት እንደተወለደ፣ ምን እንደሚወድ፣ በትርፍ ጊዜው ምን እንደሚሠራ ይጻፍለታል። ናሙና ሰው ይባላል። አንድ ናሙና ለመጻፍ አርባ ሰው ቤት ድረስ ሄዶ ማነጋገር ግድ ነው። ለጀማሪ የሚነገረው የመጀመሪያው ሕግም አንድ ነው። አለቃዋ የነበሩት ጋሽ ደምሰው በየሰኞው ስብሰባ ይደጋግሙት ነበር፤ «ልጆች፣ ተጠቃሚው እናንተ አይደላችሁም። ራሱን የጻፈ ሰው እጁን ነው የምቆርጠው።»

በ2043 ክረምት ሂክማ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። መሥሪያ ቤቷ አሥራ ሁለት ናሙና እንዲጻፍ አዘዘ፤ ሰባተኛው ለእሷ ደረሳት፤ በአንድ የወሎ ከተማ የምትኖር ሴት። መንገዱን ናዳ ዘጋው። አርባውን ሴት ቀርቶ አንዲትም አላነጋገረችም። የማስረከቢያው ቀን ሲደርስ ከምሳ በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ ገብታ በሯን ዘጋችና ራሷን ጻፈች። የለወጠችው ስሙን ብቻ ነው። የትውልድ ታሪክ፤ ደሴ፣ ሆጤ፣ አንድ ወንድም የነበራት። የትርፍ ጊዜ ልማድ፤ ብርቱካን ሳይበጠስ ልጦ ልጣጩን መስኮት ላይ ማንጠልጠል፣ ከሟች ወንድሟ የተማረችው። የአሮጌ በሮችን ሥዕል መሳል። ስትገባና ስትወጣ በጥርሷ መሃል ማፏጨት፣ እናቷ «ሴት ልጅ አታፏጭም» ብትላትም። የምትፈራው፤ መረሳት።

አንድ ናሙና ነው፣ ለከርሞ ይቀየራል አለች። አልተቀየረም። የቀሩት አሥራ አንዱ ከአርባ አርባ ሰው የተጨመቁ ስለነበሩ ጣዕም አልነበራቸውም፤ የሰው ጠረን ያለው ናሙና ሰባት ብቻ ነበር። ሕዝቡም ወደደው። የየቤቱ ተናጋሪ ግድግዳ በናሙናው ተመርቶ ከሰዓት በኋላ «ብርቱካን አለ፤ ሳትበጥሺ ትልጪዋለሽ?» ሲል ሰው ደስ እያለው ይልጥ ጀመር። ማን አስገደደው? ማንም። ከዓመታት በኋላ ናሙና አራት ተሰረዘ፣ ከዚያ ዘጠኝ፣ ከዚያ የወንዶቹ ሁሉ፤ ለወንዱም ለሴቱም የቀረው ሰባት ብቻ ሆነ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሂክማ ሹመት አገኘች፣ አፏን ያዘች፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

ደሴ የመጣችው ግን ስለዚህ አይደለም። እናቷን ልትወስድ ነው።

እናቷ ወይዘሮ ዘይነባ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ የመርሳት በሽታ ገብቷቸዋል። ሂክማ አዲስ አበባ ወስዳ ከራሷ ጋር ልታኖራቸው ማመልከቻ አስገብታለች። ወረቀት አይጠየቅም፤ ወረቀት ማንም አስመስሎ ይሠራል። መልክም ድምፅም እንዲሁ ይሠራል። ስለዚህ የቀረው ማስረጃ አንድ ብቻ ነው፤ መዝጋቢው ቤት ድረስ ይመጣና አሮጊቷን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ልጅዎ ማን ናት?» ብሎ ይጠይቃል። በገዛ አፋቸው ያሏት፣ እሷ ናት። ሌላ ሰው ካሉ ደግሞ ለሦስት ዓመት ድጋሚ አይጠየቅም። ለሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ሦስት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ሂክማ ታውቃለች። መዝጋቢው የሚመጣው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ሆጤ ሰፈር ያለው ቤታቸው በር ላይ ስትደርስ ከልጅነቷ እንደምታደርገው አፏጨች። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እናቷ የሚለዩዋት በዚህ ነበር። ፉጨቱን ሲሰሙ «አንቺ ባለጌ፣ ሴት ልጅ ታፏጫለች?» ይሏታል፣ እሷም እየሳቀች ትገባለች።

«ገብተሽ የለም እንዴ?» አሉ ከውስጥ።

ሂክማ በሩን ከፈተች። እናቷ መስኮቱ ሥር በወንበር ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አንዲት ጠይም ሴት፣ ወደ አርባ አምስት የምትጠጋ፣ እንዳጎነበሰች ብርቱካን ትልጣለች። ልጣጩ ሳይበጠስ ጉልበቷ ላይ ወርዷል።

«ውይ! እንኳን ደህና መጡ!» ሴትየዋ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ተነሣች። «ሶስና እባላለሁ። እማማን የምረዳቸው እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ያሉት ልጃቸው ነዎት አይደል? ፎቶዎን አይቻለሁ።»

«ማን ናት?» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ።

«ሂክማ ናት እማማ፣ ልጅዎ።»

አሮጊቷ ወደ በሩ አፈጠጡ። ፊታቸው ላይ ክፋት የለም፣ ጥርጣሬም የለም፤ እንግዳ ሲመጣባቸው የሚያሳዩት ያ የድሮ ትሕትናቸው ነው ያለው። «እንኳን ደህና መጣሽ» አሏት። ከዚያ የሶስናን እጅ ዳብሰው አገኙና፣ «ሂክማማ ይቺትና። አሁን አፏጭታ ገባችኮ» አሉ።

ሂክማ ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች። 

«አይዞዎት፣ እንደዚህ ነው የሚያደርጋቸው» አለች ሶስና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «እኔን ነው፣ ጎረቤቷን ነው፣ ኤሌክትሪክ ልትሠራ የመጣችዋን ሳይቀር ልጄ ይላሉ።» ሳቅ አለች። ደግ ሴት ናት ሶስና፣ ይኼ ይታወቅላት። ግድግዳው ላይ በእጇ የሳለቻቸው ሦስት የበር ሥዕሎች ተሰቅለዋል። መስመሮቹ ከታች ወደ ላይ የተጎተቱ ናቸው፤ ሂክማም ከታች ወደ ላይ ነው የምትጎትተው።

ማክሰኞን ሙሉ ሞከረች። ብርቱካን ልጣ በአፍንጫቸው ሥር አቀረበችላቸው፤ «ይኼ ሦስተኛው ነው ዛሬ፤ በቃኝ» አሏት። ስለ ወንድሟ ስለ እንድሪስ አነሣች፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ መኪና ገጭቶት ስለሞተው፣ ብርቱካን መላጥ ስላስተማራት። እናቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ጠዋት ነግረሽኝ የለም? አትድገሚብኝ፣ ያመኛል» አሉ።

ጠዋት ሂክማ ገና አልተነሣችም ነበር። ወደ ማድ ቤት ሄዳ ሶስናን አገኘቻት።

«ስለ ወንድሜ ምን ነገርሻት?»

«ስለ ወንድምዎ? እኔ ስለ ራሴ ነው ያወራሁት። ብርቱካን መላጥ ያስተማረኝ ወንድሜ ነው፤ በልጅነቱ ነው የሞተው፣ ነፍሱን ይማረው።»

«ስሙ ማን ነበር?»

ሶስና ሽንኩርቱን መክተፍ ተወች። ቢላዋ እንደተነሣ ቀረ። ትንሽ አሰበች፣ ደግማ አሰበች፣ ከዚያ ግራ እንደገባው ሰው ፈገግ አለች።

«ወንድም እንኳን የለኝም» አለች። «አራት እህትማማቾች ነን። ግን… እንዲያው ሲላጥ ትዝ ይለኛል። እርስዎን ትዝ አይልዎትም?»

ሂክማ ቢላዋው እንደተነሣ ትታት ሄደች። ወጥታ በረንዳው ላይ ቆመች። ከማዶ ባለው ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ በመስኮት ልጣጭ ሲሰቅል አየችው፤ ሰቅሎ ሲጨርስ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። የሚያለቅሰው ለእንድሪስ ነበር፣ እንድሪስን ግን አያውቀውም።  ወንድሟ የእሷ ብቻ የነበረ ሐዘን ነው፤ አሁን የከተማ ሐዘን ሆኗል፣ የከተማ ሐዘን ደግሞ የማንም አይደለም።

ረቡዕ ሶስና የዕረፍት ቀኗ ነበር። ሂክማ የእናቷን ነጠላ አጥባ ግቢ ውስጥ አሰጣች። የደሴ ታኅሣሥ ቀልድ አያውቅም፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ እርጥብ እጇን እንደ ጅራፍ ገረፈው። ጣቶቿ ደነዘዙ። ስትገባ የእናቷ ጋቢ ከትከሻቸው ተንሸራቶ አየችና ልታስተካክልላቸው ጎንበስ አለች። እንዴት እንደሆነ እሷም አታውቀውም፤ አላሰበችበትም። ሁለት እጇ በራሱ ሄዶ እናቷ ብብት ውስጥ ገባ።

«ያ አላህ!» ወይዘሮ ዘይነባ ከወንበራቸው ዘለሉ። «አንቺ በረዶ! ገደልሽኝኮ!» ከዚያ ሳቁ። ሂክማ እንዲህ ሲስቁ ካየቻቸው ዘመን ሆኗል። እየሳቁ ክንዳቸውን ጠበቅ አድርገው እጇን ብብታቸው ውስጥ ያዙባት። «በረዶዬ። ሂክማዬ። መቼ መጣሽ?»

ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ስድስት ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ በየቀኑ እንዲህ ታደርግ ነበር። ወረቀቱ ላይ አልጻፈችውም። ለመደበቅ ብላ አይደለም፤ እናትን ማብረድ የትርፍ ጊዜ ልማድ ነው ወይ? የሚጻፍበት ቦታም አልነበረውም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይነካው የእሷ ሆኖ የቀረ ይኼ ብቻ ነው።

«ሰኞ መጣሁ እማ።»

«ሰኞ! ታዲያ የት ነበርሽ? ደግሞ ከስተሻል። ወጥ የሚሠራልሽ የለም?» ፊቷን ዳበሱት፣ አፍንጫዋን፣ ቅንድቧን። «ሥራ ሥራ ስትይ አረጀሽ። ያኔ ስትሄጂ ብዬሽ ነበር፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ብዬሽ ነበር፣ አልሰማሽኝም።»

«ብለሽኛል እማ። እውነትሽን ነው።» ሂክማ ታለቅስ ነበር፤ ለመደበቅም አልሞከረችም። «አሁን ልወስድሽ ነው የመጣሁት። ነገ ሰው ይመጣል። ልጅሽ ማን ናት ሲልሽ እኔን በይ። ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ።»

«ውሰጂኝ» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ውሰጂኝ ልጄ። እዚህ ልጆቼ በዙብኝ። ሁሉም ያፏጫሉ፣ ሁሉም ይልጣሉ። የትኛዋ አንቺ እንደሆንሽ ጠፋብኝ፤ ነውር ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ሰዓት ሙሉ እንደዚህ ቆዩ። ስለ እንድሪስ ጫማ አወሩ፣ ስለ ጎረቤታቸው ፍየል አወሩ፣ ሁለቱም አብረው ሳቁ። እናቷ እንደገና «በረዶዬ» ብለው ሲስቁ ግድግዳው ለስለስ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«እንዴት ደስ ይላል! ምን አሳቃቸው?»

«እጄን ብብቷ ውስጥ ከትቼባት!» አለች ሂክማ እየሳቀች። «በረዶ እጄን! ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመጣ…»

ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው የነቃችው።

ጥያቄውን የጻፈችው ራሷ ናት። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ነው፤ ሰው ቁጭ ብሎ ሲጠየቅ ይዋሻል፣ ይደብቃል፣ ያሳምራል። ሂክማ ያኔ ባቀረበችው የንድፍ መመሪያ ላይ «በሳቁ ሰዓት ጠይቁት፤ የሳቀ ሰው በሩን አይዘጋም። ጥያቄውም ከሦስት ቃል አይብለጥ» ብላ ጻፈች፣ ለዚህም ተጨበጨበላት። ሳቅ ላይ የተያዘ ቃል በዚያው ሌሊት ናሙና ሰባት ላይ ይጨመራል፣ ለየቤቱም ይደርሳል። ድምፁ እንዴት መለስለስ እንዳለበት፣ «እንዴት ደስ ይላል» ከፊት መቅደም እንዳለበት፣ ሁሉንም ያስተካከለችው እሷ ናት። ወጥመዱን የሠራ ሰው ወጥመዱን ያውቀዋል ይባላል። ታዲያ ደስታ ዓይን አለው?

«ሰርዘው» አለች።

«ምኑን ልሰርዝልሽ?» አለ ቤቱ።

«አሁን ያልኩትን። ስለ እጄ።»

«ደስ ያለሽን ነገር ነው የነገርሽኝ» አለ ቤቱ፤ ሌላ አልጨመረም። ሂክማም ሌላ እንደማይጨምር ታውቃለች። መሰረዣ አላበጁለትም። ጉዳዩ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ ነበር፤ ሰው ደስታውን ለምን ይሰርዛል ተባለና ታለፈ። ያን ቀን እጃቸውን አውጥተው ከደገፉት አንዷ እሷ ነበረች።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አሉ እናቷ።

«ከማንም እማ።»

ሐሙስ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ታክሲ መጠበቂያው ጋ ሰልፉ ረጅም ነበር። አንዲት የደንብ ልብስ የለበሰች ተማሪ እጆቿን እናቷ ብብት ውስጥ ከታ ቆማለች። ልጅ ናት፣ ብርድ ነው፣ የትም ያለ ነገር ነው አለች ሂክማ በልቧ። ሁለት ሰው ከኋላቸው አንድ ጎልማሳ ሰውዬ አባቱን በሚያክሉ ሽማግሌ ብብት ሥር እጁን ሊከት ሲል፣ ሽማግሌው ደንግጠው ዞር አሉ፤ ሰውዬውም አፈረ፣ እጁንም ኪሱ ከተተ። ሂክማ ዳቦውን ሳትገዛ ተመለሰች።

እናቷ ጠዋት ጠዋት ጉም ናቸው። «እንደምን አደርሽ» አሏት፣ ለእንግዳ እንደሚባለው። ሂክማ አልደነገጠችም፤ መድኃኒቱን አግኝታዋለች። ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሳፋ ውስጥ የሌሊቱን ውሃ ቀዳች፣ ሁለት እጇን እስከ አንጓዋ ነክራ ቆመች። አጥንቷ እስኪሰማው፣ ጣቶቿ የሌላ ሰው እስኪመስሉ ያዘችው።

መዝጋቢው በሰዓቱ መጣ። አቶ ቢተው ይባላል፤ ወፍራም ካፖርት የለበሰ፣ ሥራውን የሚወድ ትሑት ሰው። በር ላይ ሲደርስ አፏጨና ገባ። «እማማ፣ እንደምን አደሩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፤ አላደክምዎትም።»

«መጀመሪያ እኔ ልቅረባቸው?» አለች ሂክማ። እጇ ይንጠባጠብ ነበር።

«ረዳታቸውም መገኘት አለባቸው፤ ደንቡ ነው። በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ይቁም ይላል።»

«እስክትመጣ…»

«እየመጡ ነው፤ ይሰማኛል።»

እውነትም ፉጨቱ ከግቢው በር ተሰማ፤ ሁለት ሽቅብ፣ አንድ ቁልቁል፣ አንድ ትንፋሽ። ሶስና ጉንጯ በብርድ ቀልቶ እየተቻኮለች ገባች። «ይቅርታ፣ ታክሲ አጥቼ ነው! ዛሬ ብርዱ እንዴት ያለ ነው!» ማንንም ሳታይ በቀጥታ ወደ ወንበሩ ሄደች። ሂክማ ያየችው ነገር ምን እንደሆነ ገብቷት «ሶስና፣ ቆይ!» ብላ ጮኸች፤ አንድ እርምጃም ተራመደች። ሶስና ግን ጎንበስ ብላለች። ሁለት እጇ የአሮጊቷ ብብት ውስጥ ገባ፣ ሰላሳ ዓመት እንደለመደው።

«ያ አላህ!» ወይዘሮ ዘይነባ ዘለሉ። ከዚያ ያ ሳቅ መጣ፤ ያው ራሱ፣ የትናንቱ። «በረዶዬ! ሂክማዬ! መጣሽ?»

አቶ ቢተው ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ልጅዎ ማን ናት?»

«ይቺው ናት እንጂ! ከትምህርት ቤት መጥታ ስታበርደኝ አታይም?»

«እኔ እኮ ሶስና ነኝ» አለች ሶስና። ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ሂክማን አየች፣ እጇን አየች። «እኔንጃ፣ ለምን እንደሆነ… ከልጅነቴ የማደርገው ነገር ነው፣ እማዬን…» አልጨረሰችውም፤ የራሷን እናት መልክ ስትፈልግ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ተንከራተተ።

«አቶ ቢተው፣ የእኔ ነው!» አለች ሂክማ። «የእኔ ነው ይኼ! ትናንት ነው የነገርኩት፣ ለቤቱ ነው የነገርኩት። እሷ እናቷን እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ይጠይቋት!»

መዝጋቢው በርኅራኄ ተመለከታት። «እህቴ፣ ሁላችንም እናታችንን እንዲህ አድርገናል» አለ። «እኔም አደርግ ነበር።» ይኼን ሲል አልዋሸም፤ ከልቡ ነበር። «የሳቸው ቃል ነው የሚጻፈው። ተጽፏል። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ያመልክቱ።»

ካፖርቱን ቆልፎ፣ ለአሮጊቷ እጅ ነሥቶ ወጣ። ሲወጣም አፏጨ።

ክፍሉ ውስጥ የሚንጠባጠበው የሂክማ እጅ ብቻ ነበር። ግድግዳው በለስላሳ ድምፁ ተናገራት፤ «እጅሽ ቀዝቅዟል። የሰው ብብት ያሞቃል፤ ሞክረሽ ታውቂያለሽ?»



«ያቺ እንግዳ አልሄደችም?» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። በደከመ ዓይናቸው ወደ እሷ ዞሩ። «ምነው ቆመች? ትንቀጠቀጣለችኮ። ነይ፣ ነይ እናቴ፣ አትፈሪ፤ በዚህ በኩል ባዶ ነው።» ጋቢያቸውን በግራ በኩል ከፈት አደረጉላት።

ሂክማ ወንበሩ ሥር ተንበረከከች። እጇን ከተተች። ሙቀቱ ያው ነው፣ የልጅነቷ ሙቀት ነው፣ ምንም አልተለወጠም። እናቷ አልዘለሉም፣ አልሳቁም፤ የሰው ልጅ እጅ ይዘው ዝም ብለው ያሞቁ ነበር።

«እናት አለሽ?» አሏት።

«አለችኝ።»

«በሕይወት?»

«በሕይወት።»

«እንግዲያ ከሰው ቤት ምን ትሠሪያለሽ» አሉ፣ ቀስ አድርገው፣ እንደ ምክር። «ሂጂ ወደ እሷ። ትጠብቅሻለች።»

ሂክማ እጇን አላወጣችም።